ከብዙኃኑ የተለዩት፦ ጆን ስኖውና የ1854ቱ የለንደን ኮሌራ

ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1813 በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክ ከተማ፣ ከሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። በ14 ዓመቱ ኒውካስል በሚገኝ ሐኪም ዘንድ ሙያውን መማር ጀመረ፤ ገና በወጣትነቱም የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን የፈጀውን ኮሌራ በቅርብ ተመለከተ። ኋላም በለንደን በማደንዘዣ ሕክምና ስመ ጥር ሆነ፤ በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ስትወልድ ክሎሮፎርም የሰጣት እርሱ ነበር።

በዘመኑ አብዛኞቹ ሐኪሞች ኮሌራ በተበከለ አየር እንደሚመጣ ያምኑ ነበር። ስኖው በ1849 ባሳተመው ጽሑፍ በሽታው በውኃ ጭምር እንደሚተላለፍ ቢከራከርም ብዙዎችን ማሳመን አልቻለም።

በ1854 በሶሆ ሰፈር ወረርሽኝ ተነሥቶ በዐሥር ቀናት ውስጥ ከ500 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ሟቾች የብሮድ ጎዳና የውኃ ፓምፕ አጠገብ ነዋሪዎች ነበሩ። ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን ክርክሩን አይቋጭም፤ ከፓምፑ የሚጠጡት ሰዎች የሚተነፍሱትም የዚያኑ ሰፈር አየር ነበርና። ስለዚህ ስኖው ከአጠቃላዩ ሁኔታ ወዳፈነገጡት ፊቱን አዞረ።

በሞት በተከበበው የድኾች መጠለያ ከነበሩት 535 ሰዎች የሞቱት 5 ብቻ ናቸው፤ እንደ ጎረቤቶቻቸው ቢሆን ኖሮ ከ100 በላይ በሞቱ ነበር። መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። በአቅራቢያው የቢራ መጥመቂያ ከ70 በላይ ሠራተኞች መካከልም በኮሌራ የሞተ አልነበረም፤ የሚጠጡት ቢራ ወይም የግቢያቸውን ውኃ ነበር። በአንጻሩ ከሰፈሩ ርቃ በሃምፕስቴድ ትኖር የነበረች አንዲት መበለት ሞተች፤ የብሮድ ጎዳናን ውኃ ስለምትወድ በየዕለቱ ታስመጣ ነበር። ልትጠይቃት መጥታ ከዚያው ውኃ የጠጣች የእኅቷ ወይም የወንድሟ ልጅም ወደ ኢዝሊንግተን ተመልሳ ሞተች።

የእነዚህ ጥቂቶች ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ብዙኃኑ አየሩንም ውኃውንም በአንድነት ሲጋሩ፣ የተለዩት ግን አንዱን ከሌላው ለይተው አሳዩ። ይህም የሆነው ከአጠቃላዩ የሟቾች ቆጠራ ጋር በመነጻጸራቸው ነው።

ሴፕቴምበር 8 የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ወረርሽኙ ግን አስቀድሞ መብረድ ጀምሮ ስለነበር እርምጃው በራሱ ማስረጃ ሊሆን አልቻለም። ስኖውም ሐሳቡ ሰፊ ተቀባይነት ሳያገኝ በ1858 በ45 ዓመቱ ዐረፈ። ከሥራው የሚቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ከብዙኃኑ የተለየ መረጃ እንደ ስሕተት ከመሰረዙ በፊት የተለየበት ምክንያት ሊጠየቅ ይገባል።