በአንድ ድምፅ ሳይሻር የቀረው ፕሬዚዳንት
የአንድሩ ጆንሰን የሕይወት ታሪክ

ስለ አሜሪካ መንግሥት አሠራር ስንማር ሕግ አውጭው ክፍልና ሕግ አስፈጻሚው ክፍል ተለያይተው የቆሙ መሆናቸውን በደብተራችን ጽፈናል። ነገር ግን ሁለቱ በተጣሉ ጊዜ ምን እንደሚደረግ ለመረዳት የአንድን ሰው ሕይወት መከተል ይሻላል። ስለዚህ 17ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረውን የአንድሩ ጆንሰንን ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ አሰብን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድሩ ጆንሰን በ1808 በሰሜን ካሮላይና፥ ራሌይ በምትባል ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ ሲሞት እርሱ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። እናቱ እየሸመነችና የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው እንጂ ትምህርት ቤት ለመላክ አቅም አልነበራትም። ስለዚህ ሙያ እንዲማር ለአንድ ልብስ ሰፊ በውል ተሰጠ። በ1824 ከወንድሙ ጋር ከጌታው ቤት ጠፋ፤ ጌታውም ይዞ ለሚያመጣለት ሰው አሥር ዶላር እንደሚከፍል በጋዜጣ አሳወጀ። ከዚህ በኋላ ወደ ቴኔሲ ተሻግሮ ግሪንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ የስፌት ሱቅ ከፈተ። በ1827 ያገባት ኤላይዛ ማካርድል ከርሱ ይልቅ የተማረች ስለ ነበረች በጽሕፈትና በሒሳብ ረዳችው። በየጧቱ ደብተር ይዘን ለምንመጣው ለእኛ፥ አንድ ቀን እንኳ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያደገ ሰው የደረሰበት ስፍራ የሚያስደንቅ ነው።

ከከተማ ምክር ቤት አባልነት ጀምሮ ከንቲባ፥ ለአሥር ዓመት በዋሽንግተን የሕዝብ እንደራሴ፥ የቴኔሲ አገረ ገዥ፥ በ1857ም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ማለት የሴኔት አባል ሆነ። በ1861 የደቡብ ግዛቶች ሲገነጠሉ የነዚያ ግዛቶች የሴኔት አባሎች ሁሉ ወንበራቸውን ጥለው ሲሄዱ እርሱ ብቻ ቀረ። ይህ ታማኝነቱ ነው ከሌላ ፓርቲ ሳለ በ1864 የሊንከን ምክትል ሆኖ እንዲመረጥ ያደረገው። በኤፕሪል 1865 ሊንከን ሲገደል ልብስ ሰፊው ፕሬዚዳንት ሆነ።

በዚያ ጊዜ አራት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከባርነት እየወጡ ነበር። የደቡብ ግዛቶች ግን እንደ ልብ እንዳይሠሩና እንዳይዘዋወሩ የሚያስሩ ሕጎች ያወጡባቸው ጀመር። ራሱም ቀድሞ ባሪያ ገዝቶ የነበረው ጆንሰን፥ ይህ የየግዛቱ ጉዳይ ነው፤ ማዕከላዊው መንግሥት ሊገባበት አይገባም ባይ ነበር። ኮንግረሱ በ1866 በአገሩ የተወለደ ሰው ዜጋ እንዲሆን፥ ውል እንዲዋዋል፥ ንብረት እንዲይዝ፥ በፍርድ ቤትም እንዲመሰክር የሚፈቅድ ሕግ ሲያወጣ ፕሬዚዳንቱ አልፈርምም ብሎ መለሰው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የሚያዘው እንዲህ ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች የተስማሙበት ረቂቅ ለፕሬዚዳንቱ ይቀርባል፤ እርሱም ወይ ይፈርማል፥ ወይ እሑድን ሳይጨምር በአሥር ቀን ውስጥ ምክንያቱን ጽፎ ይመልሳል። የተመለሰውን ረቂቅ እያንዳንዱ ምክር ቤት ከሦስት ሁለት እጅ በሆነ ድምፅ እንደገና ከደገፈው፥ ፕሬዚዳንቱ ባይወድም ሕግ ይሆናል። ይህን ያህል ድምፅ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው። በዚያ ዘመን ግን እያንዳንዱ ምክር ቤት የራሱን አባሎች ምርጫ መርምሮ ለመቀበልም ላለመቀበልም ሥልጣን ስላለው ከደቡብ የመጡትን አላስገባም ነበርና ነገሩ ቀለለ። ኤፕሪል 9 ቀን 1866 ትልቅ ሕግ ከፕሬዚዳንት እምቢታ በላይ ሲጸና የመጀመሪያው ጊዜ ሆነ። ጆንሰን በዘመኑ 29 ረቂቆችን ሲከለክል 15ቱ ያለ ፈቃዱ ሕግ ሆነዋል፤ ይህን ያህል የተሸነፈ ሌላ ፕሬዚዳንት የለም። በዚህ ነገር እኛ ከኮንግረሱ ጋር ነን፤ የፕሬዚዳንቱ እምቢታ ነፃ የወጣውን ሰው ያለ ጠባቂ የሚያስቀር ነበርና።

ቀጥሎ የመጣው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚፈረድ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ሚኒስትሮችን በሴኔት ፈቃድ እንዲሾም ያዛል፤ ማን እንደሚሽራቸው ግን አይናገርም። ኮንግረሱ በማርች 1867 ሴኔት ያጸደቀውን ሹም ፕሬዚዳንቱ ያለ ሴኔት ስምምነት እንዳይሽር የሚከለክል ሕግ አወጣ። የሕጉ አንዱ ዓላማ የኮንግረሱ ወዳጅ የነበረውን የጦር ሚኒስትር ኤድዊን ስታንተንን ከመሻር ለማዳን ነበር። ጆንሰን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1868 ስታንተንን ሻረው። ስታንተን ግን አልወጣም ብሎ መሥሪያ ቤቱን ዘግቶ ብዙ ሳምንት እዚያው አደረ። ከሦስት ቀን በኋላ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በ126 ድምፅ በ47 ላይ ፕሬዚዳንቱን ከሰሰ።

የመክሰስ ሥልጣን የእንደራሴዎቹ፥ የመፍረድ ሥልጣን ደግሞ የሴኔት ነው። ተከሳሹ ፕሬዚዳንት ሲሆን በዳኝነት ወንበር የሚቀመጠው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ነው፤ ያን ጊዜም ሳልሞን ቼስ ተቀመጠ። ሴኔት ሊወስን የሚችለው ከሹመት መሻርንና ወደፊት እንዳይሾም መከልከልን ብቻ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንት ስላልነበረ ጆንሰን ቢሻር ወንበሩ የሚተላለፈው የሴኔት ጊዜያዊ ፕሬዚዳንት ለነበረው ለቤንጃሚን ዌድ ነበር። እርሱም ከፈራጆቹ አንዱ ሆኖ ድምፅ ሰጠ! የጆንሰን ጠበቆች፥ ስታንተንን የሾመው ሊንከን ስለሆነ ሕጉ እርሱን አይጠብቅም ብለው ተከራከሩ።

አባሎቹ 54 ነበሩና ለመሻር 36 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። ሜይ 16 ቀን 1868 ስም እየተጠራ ድምፅ ሲሰጥ 35 ጥፋተኛ ነው፥ 19 አይደለም አሉ። ከከሳሾቹ ፓርቲ ሰባት ሰዎች ለነፃነቱ ድምፅ ሰጥተው ነበር። ከነርሱ አንዱን፥ የካንሳሱን ኤድመንድ ሮስን፥ እንደ ጀግና የሚያሞግሱት ብዙዎች ናቸው፤ እኛ ግን ወዲያው ለወዳጆቹ ሹመት ከፕሬዚዳንቱ መለመኑን ስናስብ ምስጋናውን እንቀንሳለን። ስለ ሹመት የወጣው ሕግ በ1887 ተሰረዘ፤ በ1926ም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉ ከመጀመሪያውም ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማ እንደ ነበረ ፈረደ።

በዚህ ሁሉ ጠብ መካከል አላስካ ከሩስያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ተገዛች። ውሉን ሴኔት በ1867 አጸደቀው፤ ገንዘቡን የሚፈቅደው ግን ኮንግረስ ስለሆነ እንደራሴዎቹ እስከ ጁላይ 1868 አዘገዩት።

ጆንሰን በ1869 ወደ ግሪንቪል ተመለሰ። ተወዳድሮ ከተሸነፈ በኋላ በማርች 1875 እንደገና የሴኔት አባል ሆኖ፥ በተከሰሰበት አዳራሽ፥ ጥፋተኛ ነው ካሉት ሰዎች ከአንዳንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ከፕሬዚዳንትነት በኋላ ሴኔት የገባ ከርሱ በቀር ማንም የለም። በዚያው ዓመት ጁላይ 31 ቀን ዐረፈ። በአገሩ ሰንደቅ ዓላማ ተጠቅልሎ፥ ከራሱ በታች የሕገ መንግሥቱ ቅጂ ተደርጎ ግሪንቪል ተቀበረ። የስፌት ሱቁም በዚያችው ከተማ ተጠብቆ ይታያል።