የምርጥ ዘርና የደህና ዋጋ ተሟጋች፦ ሄንሪ ዋላስ (እ.ኤ.አ. 1888–1965)

በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኙ በርካታ በቆሎ አምራቾች «ሾኔ» የተባለውን ድቅል ዘር ያውቁታል። ዘሩን ያወጣው ፓዮኒር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ መሥራቹ ሄንሪ ዋላስ ነው። ይህ ሰው ምርት ለማሳደግ ብቻ ሳይሆን፣ በሲቀላ ገበያ በቆሎውን ይዞ የሚቀርብ አርሶ አደር የሚጠይቀውን ጥያቄ ለመመለስም ደክሟል። ጥያቄው ምርት ሲትረፈረፍ የሚወድቀውን ዋጋ ማን ይሸከመው የሚል ነው።

ዋላስ እ.ኤ.አ. በ1888 በአዮዋ ተወለደ። ቤተሰቡ የገበሬዎች ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። በልጅነቱ ስለ ዕፅዋት ያስተማረው በባርነት ተወልዶ ለታላቅ ተመራማሪነት የበቃው ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ነው። ዋላስ ገና በወጣትነቱ በመልካቸው ተመርጠው የተሸለሙ በቆሎዎችን ዘርቶ ሲያነጻጽር፣ መልከ መልካሙ ሁሉ ብዙ ምርት እንደማይሰጥ አረጋገጠ። በ1926 የዘር ኩባንያውን አቋቋመ።

ይሁን እንጂ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእህል ዋጋ እያሽቆለቆለ ሄደ። በ1932 መጨረሻ በአዮዋ 25 ኪሎ ያህል በቆሎ እስከ 10 የአሜሪካ ሳንቲም በመውረዱ በቆሎውን እንደ ማገዶ ያነደዱ ገበሬዎች ነበሩ። ብዙዎችም በባንክ ዕዳ መሬታቸውን አጡ።

በ1933 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዋላስን የግብርና ሚኒስትር አድርገው ሾሙት። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት መንግሥት የሚያርሰውን መሬት ለሚቀንስ ገበሬ ድጎማ መክፈል ጀመረ። በየወረዳው ሥራውን ያስፈጸሙት ከገበሬዎች መካከል የተመረጡ ኮሚቴዎች ነበሩ። ሆኖም ሕጉ ሲወጣ ጥጥ ተዘርቶ ስለነበር 4 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ተገለበጠ፤ 6 ሚሊዮን ያህል አሳማዎችም ታረዱ። የተራበ ሕዝብ ባለበት አገር ይህ መደረጉ ከፍተኛ ነቀፋ አስነሳ።

ሌላም ጉድለት ነበረ። በጥጥ አምራቹ ደቡባዊ አሜሪካ ድጎማው በአብዛኛው ባለመሬቱ እጅ ላይ ቀረ። የሚታረሰው መሬት ሲቀንስም ጭሰኞችና የእኩል አራሾች ተፈናቀሉ። በ1935 ለእነዚህ ሰዎች የተከራከሩ የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ሲባረሩ ዋላስ ውሳኔውን ደገፈ። ይህ በታሪኩ ላይ የቀረ ጥቁር ነጥብ ነው።

የበለጠ የሠራለት ሐሳብ የጎተራው ነው። ሐሳቡን ከጥንታዊት ቻይናና በግብፅ ለሰባቱ የረሀብ ዓመታት እህል ካከማቸው ከዮሴፍ ታሪክ ወሰደ። ገበሬው በቆሎውን በጎተራው አሽጎ ለ25 ኪሎው 45 ሳንቲም ይበደራል። ዋጋ ሲወጣ ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል፤ ዋጋ ከወደቀ ግን በቆሎውን ለመንግሥት አስረክቦ ከዕዳው ነፃ ይሆናል። በ1934 ድርቅ በደረሰ ጊዜ ያከማቹ ገበሬዎች በተሻለ ዋጋ ሸጡ።

ዋላስ ከ1941 እስከ 1945 የአገሩ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። በ1948 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ከተሸነፈ በኋላ ወደ እርሻው ተመልሶ ዶሮና እንጆሪ ሲያዳቅል ቆይቶ በ1965 አረፈ።

በአገራችንም በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ምርት በዝቶ ዋጋው እጅግ ወደቀ። ዋጋውን የሚደግፍ በቂ አሠራር ስላልነበረ ብዙ አርሶ አደሮች የማዳበሪያ ዕዳቸውን መክፈል ተሳናቸው። ያ ሁሉ በቆሎ በርካሽ ተበትኖ ሳለ በተከታዩ ዓመት በደረሰው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠበቀ።

ከዋላስ ሕይወት ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት የሚተርፈው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፣ ምርጥ ዘር ያለ መጋዘንና ያለ መቆያ ብድር አምራቹን ብቻውን አያሳልፍለትም። ሁለተኛው፣ ድጋፍ ሲመጣ በማን እጅ እንደሚያልፍ አራሹ ራሱ ሊቆጣጠር ይገባል። አባላት በመረጡት ኮሚቴ፣ በጋራ መጋዘንና በግልጽ ሂሳብ የሚሠራ ማኅበር ለሁለቱም መልስ አለው።