ጆሮን በመዝሙር ያሠለጠነው መነኵሴ

ኢጣልያዊው መነኵሴ ጊዶ የተወለደው በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። በፖምፖሳ ገዳም መዘምራንን ሲያስተምር፥ ተማሪዎቹ ከመምህር አፍ ያልሰሙትን ዜማ መዘመር እንደማይችሉና ዓመታታቸው በጥናት ብቻ እንደሚያልቅ ተመለከተ።

ስለዚህ ለመጥምቁ ዮሐንስ የሚዘመረውን የላቲን መዝሙር መረጠ። የመዝሙሩ 6 ሐረጎች እያንዳንዳቸው ከቀዳሚው አንድ ደረጃ ከፍ ብለው ይጀምራሉ። ተማሪው እንግዳ ድምፅ ሲገጥመው፥ በዚያው ድምፅ የሚጀምረውን ሐረግ አስታውሶ ያመሳክራል። ኡት፥ ሬ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ የተባሉት ስሞችም ከሐረጎቹ መነሻ ወጡ።

ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ምቀኝነትን አስነሣበት። በ1025 እ.ኤ.አ. ገደማ ገዳሙን ትቶ ወደ አሬጾ ሄደ፤ ኤጲስ ቆጶሱ ቴዎዳልድም ተቀበሉት። ዝናው ሮም ቢደርስ የሮማው ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ 19ኛ አስጠሩት፤ በመሥመር ላይ የጻፈውንም የዜማ መጽሐፍ ተመልክተው፥ ሰምተውት የማያውቁትን አንድ ቁራጭ ራሳቸው ዘመሩ።

ዛሬም የሙዚቃ ተማሪ የአንድ ኮርድ ድምፆች ተገለባብጠው ሲመቱ የትኛው ከታች እንዳለ ለመለየት ቢቸገር፥ የለመደውን ዜማ መነሻ ያስታውሳል። መንገዱን የጠረገለት ያ ከገዳሙ የተገፋው መነኵሴ ነው።