ባሕር ተሻግራ ነርሶችን ያስተማረች፦ ሊንዳ ሪቻርድስ (1841–1930)

ከመካከላችን መምህርነትን ፈልጎት ሳይሆን ደርሶት የገባ አይጠፋም። ነገሩን አንሸፋፍነው፤ ማታ ማታ በየመኝታ ክፍሉ ሲወራ እንሰማለን። ስለዚህ ዛሬ መምህርነትን አንድ ጊዜ ሞክራ ከተወችው በኋላ በሌላ በር ተመልሳ የገባችበትን ሴት የሕይወት ታሪክ ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሊንዳ ሪቻርድስ በ1841 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ተወለደች። አባቷንም እናቷንም የነጠቃት የሳንባ ነቀርሳ ነው። እናቷን ያስታመመችው ገና ልጅ ሳለች ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቷ ቬርሞንት ውስጥ በሴንት ጆንስበሪ አካዳሚ ለአንድ ዓመት መምህርነት ተማረች፤ ለጥቂት ዓመታትም አስተማረች። ልቧ ግን ከክፍሉ ውስጥ አልነበረም። በእርስ በርሱ ጦርነት የቆሰለውን እጮኛዋን ለዓመታት ስታስታምም ቆይታ በ1869 ሲሞትባት፣ ጓዟን ጠቅልላ ነርስ ለመሆን ቦስተን ገባች።

ነርስ መሆን ያን ጊዜ ምን ማለት ነበር? አንድ የከተማው ሆስፒታል ቀጠራት፤ ያገኘችው ሥራ ግን ከጠራጊነት ብዙም የማይለይ፣ የሚያስተምርም የሌለበት ሆነባት። ሦስት ወር ሠርታ ለቀቀች። በ1872 የኒው ኢንግላንድ የሴቶችና የሕፃናት ሆስፒታል ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀምር መጀመሪያ የተመዘገበችው እርሷ ናት። በ1873 ስትጨርስ በአሜሪካ የመጀመሪያዋ የሠለጠነች ነርስ ለመባል በቃች። (ከስድስት ዓመት በኋላ በ1879 የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ባለ ዲፕሎማ ነርስ ሜሪ ማሆኒም የወጣችው ከዚሁ ትምህርት ቤት ነው።)

እስቲ ትምህርቱን በመምህር ዓይን እንየው። ሥራ የሚጀመረው ንጋት ላይ በ11 ሰዓት ተኩል፣ የሚያልቀው ከምሽቱ በ3 ሰዓት። የመማሪያ መጽሐፍ የለም። የመግቢያ ፈተና የለም፤ የመጨረሻም የለም። ከሁሉ የሚገርመን የመድኃኒቱ ነገር ነው፤ ጠርሙሶቹ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር እንጂ ስም አልነበረም፤ ነርሷ የምትሰጠውን እንዳታውቅ ማለት ነው። ተማሪን እጁን አሠልጥኖ ጭንቅላቱን መዝጋት ይሏል ይህ ነው!

ከዚያ ኒውዮርክ፣ ቤልቪው ሆስፒታል፣ የሌሊት ኃላፊ ሆነች። ያን ጊዜ የበሽተኛው ሁኔታ ከነርስ ወደ ነርስ የሚተላለፈው በአፍ ነበር። እርሷ የእያንዳንዱን በሽተኛ ሁኔታ በጽሑፍ መያዝ ጀመረች። ዛሬ በየሆስፒታሉ አልጋ ግርጌ የምናየው ወረቀት ታሪኩ ሲነሣ ስሟ አብሮ ይነሣል። በ1874 የቦስተንን የነርሶች ማሠልጠኛ ተረክባ መደበኛ የክፍል ትምህርት አጠናከረች። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ ሳታስበው እንደገና መምህር የሆነችው። በ1877 ደሞ ልማር ብላ እንግሊዝ ሄደች፤ ከፍሎረንስ ናይቲንጌልም ጋር ተገናኘች። ስትመለስ በቦስተን ከተማ ሆስፒታል ሌላ ትምህርት ቤት አቋቋመች።

እኛን በተለይ የሳበን ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በ1885 ዕድሜዋ አርባ አራት ደርሷል፣ ስሟ ታውቋል፣ ባለችበት ብትቀመጥ ማንም አይወቅሳት። እርሷ ግን የአሜሪካ የውጭ ሚሲዮን ቦርድ ጃፓን ሄዳ ነርሶችን እንድታሠለጥን ሲጠይቃት እሺ አለች። በ1886 መጀመሪያ ኪዮቶ ገባች። ቦታው ኒጂማ ጆ የተባለው ጃፓናዊ በ1875 ከመሠረተው ከዶሺሻ ትምህርት ቤት ጋር የተያያዘ ነው። የነርሶች ትምህርት ቤት ይከፈት እያለ ይወተውት የነበረው የሚሲዮኑ ሐኪም ጆን ቤሪ ነበር።

ታዲያ አሜሪካ ሙሉ ያወቃት መምህርት ኪዮቶ ስትደርስ አፍ የላትም! ጃፓንኛ አታውቅም። ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ቋንቋ ለመማር ተቀመጠች፤ እስከዚያው በአስተርጓሚ ነበር የምትሠራው። ቀላል ነገር አይደለም። አልጋ ማንጠፍ፣ ቁስል ማሰር፣ የልብ ትርታ መቁጠር በእጅ ይታያል፤ ተማሪዋ አይታ ትደግመዋለች። በሽተኛውን የት እንደሚያመው መጠየቅ፣ የፈራውን ማጽናናት፣ አንድ መድኃኒት ለምን አሁን እንጂ በኋላ እንደማይሰጥ ማስረዳት ግን በእጅ አይሆንም። አስተርጓሚው ያሳጠረውን መምህሩ አያውቅም፤ ተማሪው ራሱን ሲነቀንቅ ገብቶት ይሁን አክብሮት አይለይም። ነገ ቋንቋውን ወደማናውቀው ወረዳ የምንመደበው እኛ ይህን ብናስብበት አይከፋም። ለአንደኛ ክፍል ልጅ አስተርጓሚ የሚያቆምልን የለምና።

ቤቱም ቢሆን ተዘጋጅቶ አልጠበቃትም። ሥልጠናው በ1886 ተጀመረ፤ ሆስፒታሉና ትምህርት ቤቱ በይፋ የተከፈቱት በ1887 ነው። በ1888 የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ተመረቁ። ትምህርት ቤቱ በጃፓን ዘመናዊ ነርሶችን ለማሠልጠን ከተከፈቱት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። የላካት ሚሲዮን ሃይማኖቱንም የማስፋፋት ዓላማ ነበረው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። እኛ የምንመዝናት ግን በሽተኛ አጠገብ ቆመው የሚሠሩትን እያወቁ የሚሠሩ ሴቶችን በማፍራቷ ነው። ለራሷ ያልተሰጣትን ሰጠች።

አምስት ዓመት ያህል ከሠራች በኋላ ጤናዋ ተዳክሞ ወደ አገሯ ተመለሰች። ዐረፈች ማለት ግን አይደለም። ሃያ ዓመት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው እየተዛወረች፣ ትምህርት ቤት ስታቋቁምና የተዳከመውን ስታቃና ኖረች፤ ማንም ሊሠራበት የማይወደውን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሳይቀር። በ1894 የነርስ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ማኅበር የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆና ተመረጠች። በ1911 በሰባ ዓመቷ ጡረታ ወጣች፣ ትዝታዋንም በመጽሐፍ አሳተመች። በ1923 ከባድ የአንጎል ደም መፍሰስ ወይም መዘጋት ሕመም ደርሶባት ለዓመታት ስትታመም ቆይታ፣ በ1930 ሚያዝያ ወር በሰማንያ ስምንት ዓመቷ ቦስተን ውስጥ አረፈች።