ከእንጦጦ ራጉኤል እስከ ባዝ፦ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወት

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ግንቦት 1 ቀን 1870 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የእመቤታችን የልደት በዓል ነበረ። እንደ ዘመኑ ልጆች ፊደል የቆጠሩትና ዳዊት የደገሙት በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ነው። ትምህርታቸውን በሰላሌ፣ ኋላም በእንጦጦ ራጉኤል ቀጠሉ። ደብሩ ከዐፄ ምኒልክ የእንጦጦ ቤተ መንግሥት የማይርቅ ስለ ነበረ ወጣቱ ተማሪ ከአንድ ወገን ማኅሌቱን፣ ከሌላው ወገን የመንግሥቱን ሥራ እያየ አደገ።

ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ጽሕፈት ሥራ የሚገባ ሰው በዚያ ዘመን ጥቂት አልነበረም፤ መንግሥት ጸሐፊ የሚያገኘው ከዚያው ነበርና። ብዙዎቹ ግን ወደ ሹመት ሲያልፉ የተማሩበትን ቤት ከኋላቸው ይተዉት ነበር። ኅሩይ አልተዉትም። ገና በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ስም ዘርዝረው በዝርዝር መጽሐፍ አሳተሙ። መጻሕፍቱ በየገዳሙና በየደብሩ በዕቃ ቤት ተቀምጠው ስንት እንደ ሆኑ እንኳ የሚያውቅ በሌለበት ጊዜ ይህ ቀላል ድካም አይደለም። በ1918 ዓ.ም. ደግሞ የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው በመጽሐፈ ቅኔ አወጡ። ቅኔ በመምህሩና በተማሪው ቃል ተይዞ የሚኖር በመሆኑ ባለቤቱ ሲያርፍ አብሮት ይቀበር የነበረው ብዙ ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ከጥፋት የዳነውን የቅኔ ቤት ሰዎች ያውቁታል።

በመንግሥት ሥራ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሹም፣ የውጭ ሀገር ሰዎችና የኢትዮጵያውያን ክርክር የሚታይበት የልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በመጨረሻም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ባለጉዳይ በሚመላለስበት ወንበር ላይ መቀመጥ ከማኅሌት ለመጣ ሰው ሌላ ዓይነት ፈተና ነው፤ መማለጃ አለበት፣ ዝምድና አለበት፣ የጌቶች ፊት አለበት። ኅሩይ ከዚያ ወንበር ተነሥተው የጻፏቸው መጻሕፍት ደጋግመው ወደ አንድ ጉዳይ የሚመለሱት ይህን ኑሮ ስላወቁት ይመስላል። ጉዳዩም፣ በእሑድ በቅዳሴ የቆመ ክርስቲያን ሰኞ በገበያ፣ በችሎት፣ በማዕድና በሰርግ ቤት ምን ዓይነት ሰው ሆኖ ይገኛል የሚል ነው።

በ1910 ዓ.ም. የወጣው ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ ይህንኑ በቀጥታ ይዟል። ምክሩ ከፈሪሃ እግዚአብሔር ተነሥቶ ሰው ከሰው ጋር በሚኖርበት ጠባይና በሥራ ላይ ይወርዳል። ከአምስት ዓመት በኋላ ወዳጄ ልቤን አሳተሙ፤ የሰው ልብ የሚጓዝበት፣ የሚፈተንበትና የሚመከርበት በምሳሌ የቀረበ ታሪክ ነው። በዚያው በ1915 ዓ.ም. የቀድሞ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ በአጭር በአጭሩ ሰብስበው በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን ተዉ። ዛሬ በየደብሩ የመታሰቢያ መጽሐፍ ለአባቶች አጭር ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ፣ ቢያውቅም ባያውቅም፣ የእርሳቸውን ፈለግ እየተከተለ ነው።

ለዚህ ሥራ ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቁመው ነበር። የግእዝ ፊደል ከነእርባታው ከሁለት መቶ ይበልጣልና የፊደል ለቃሚው ሥራ ከላቲኑ እጅግ ይከብዳል፤ እያንዳንዷ የእርሳስ ፊደል በየሳጥኗ ተለይታ፣ በእጅ ተለቅማ፣ መስመር በመስመር ትደረደራለች፣ ከታተመም በኋላ ተበትና ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ መጻፍን ለሚያውቅ የቤተ ክርስቲያን ሰው ግን ይህ ድካም እንግዳ አልነበረም። ለውጡ በብዛቱ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተደረደረው ገጽ ብዙ ሆኖ ይወጣል፣ ብራና መግዛት የማይችል ቤተሰብም መጽሐፍ ይይዛል።

ብዙ ሀገር አይተዋል። በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ለንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሄዱ። በ1911 ዓ.ም. ደጃዝማች ናደው በመሩት የልዑካን ጓድ ውስጥ ሆነው አሜሪካ ገቡ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን ተከትለው ኢየሩሳሌምንና አውሮፓን ጎበኙ፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ጃፓን ተልከው የጉዞውን መጽሐፍ በዚያው ዓመት አሳተሙ። ባዩት ሥልጣኔ ተደንቀዋል፣ አድናቆታቸውንም አልሸሸጉም። በልባቸው የቀረው ግን የውጭ ሀገሩ ሕንጻ ብቻ አልነበረም፤ ሠልጥኖ የሚመለሰው የኢትዮጵያ ልጅ ከእናት ከአባቱ ጋር በአንድ ማዕድ እንዴት ይቀመጣል የሚለው ነገር እጅግ ያሳስባቸው ነበር።

በ1925 ዓ.ም. የወጣው አዲስ ዓለም የተባለው ልብ ወለድ መጽሐፋቸው የተነሣው ከዚህ ነው። ባለ ታሪኩ ዐወቀ የተጉለት ልጅ ነው። ፓሪስ ሄዶ ስምንት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ዘመዶቹ በጥርጣሬ ያዩታል፤ ሃይማኖቱን ለውጦ ይሆን ብለው ይሠጋሉ። አባቱ ሲሞት ደግሞ ትልቁ ክርክር ይመጣል። ዘመድ ወዳጅ እንደ ልማዱ የተዝካር ድግስ ይጠብቃል፤ ዐወቀ ግን ለአባቱ ነፍስ የሚጠቅመው ጸሎት፣ መሥዋዕትና ምጽዋት እንጂ ሰክሮ የሚሄድ እንግዳ አይደለም ይላል።

ይህ ክርክር በወረቀት ላይ ብቻ የነበረ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሙታን ፍትሐት አድርሱ፣ ቅዳሴ አስቀድሱ፣ ለነዳያን ስጡ ይላል፤ የአርባውና የሰማንያው ቀን መታሰቢያም ከዚህ የመጣ ነው። በጊዜ ብዛት ግን የነዳያኑ ቦታ በሹማምንትና በጎረቤት ተያዘ፣ የድግሱም ትልቅነት የሟቹ ክብር መለኪያ ሆነ። ባሏ የሞተባት ሴት በሬዋን ሸጣ፣ ከአራጣ አበዳሪ ተበድራ ጠላና ጠጅ ትጥላለች፤ ልጆቿ ዕዳውን ይወርሳሉ። ባትደግስ ደግሞ የሰው ወሬ አለ። ኅሩይ በሃይማኖት ስም የተሠራውን ይህን ጭነት በሃይማኖት ቃል ለማውረድ ሞከሩ። ተዝካር ይቅር አላሉም፤ ተዝካር ወደ ተዝካርነቱ ይመለስ አሉ እንጂ።

በጋብቻም ነገር እንዲሁ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. የልብ ሐሳብ በተባለው መጽሐፋቸው ያልደረሰችን ልጅ ለትልቅ ሰው መዳርን ነቀፉ። በአዲስ ዓለምም የጋብቻ ነገር ከተዝካሩ ቀጥሎ ይመጣል፤ ዐወቀ ዘመድ ባዘዘለት ብቻ አይሄድም፣ የሚፈልገውም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚጸና ጋብቻ ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ በአብዛኛው በሰማንያ እየተጋባና እየተፋታ ቁርባንን ለእርጅና ያቆየው ነበርና ይህ ለካህናቱም ለምእመናኑም የሚከብድ ጥያቄ ነበር።

መጽሐፉ የሚቋጨው በዐወቀ ድል አይደለም። ጉዳዩ ወደ ቤተ ክርስቲያን አባቶች ቀርቦ በጉባኤ ይታያል። ከፓሪስ የመጣው ወጣት ከደብሩ ተቆርጦ አልወጣም፣ ሽማግሌዎቹንም ንቆ አልተወም፤ የተጣመመው ሥርዓት ባለቤት በሆነችው በቤተ ክርስቲያን እንዲቃና ታግሦ ጠበቀ። በዚያ ዘመን በተማሩትና በካህናቱ መካከል የነበረው መናናቅ ሲታሰብ የመጽሐፉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ኅሩይ በልብ ወለዳቸው ይሰብካሉ፣ ባለ ታሪኮቻቸውም ከሰው ይልቅ ምክር ይመስላሉ ይሏቸዋል። እውነት አላቸው። ነገር ግን በትርጓሜ ቤት ያደገ ሰው ታሪክን የሚነግረው ምሥጢሩን ሊያወጣበት ነው፤ ከዚያ ልማድ መውጣት ለእርሳቸው ቀላል አልነበረም፣ የፈለጉትም አይመስልም። ይልቅ ሊነቀፉ የሚገባቸው በሌላ በኩል ነው፤ የቤተ መንግሥት ባለሟል ነበሩና ብዕራቸው በቤትና በደብር ልማድ ላይ የሚደፍረውን ያህል በመንግሥት አሠራር ላይ አይደፍርም።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲከፋ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው በጅቡቲና በኢየሩሳሌም አድርገው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። ማረፊያቸው በባዝ ከተማ ፌርፊልድ የተባለው ቤት ሆነ። በግቢው የነበረው የመስተዋት የአትክልት ቤት ለስደተኞቹ ጸሎት ቤት ሆኖ ያገለግል ነበር። እንጦጦ ላይ ማኅሌት የሰሙት ሰው በእንግሊዝ ብርድ፣ አትክልት ይበቅልበት በነበረ ቤት ውስጥ ከጥቂት ወገኖች ጋር ቆሙ።

በዚያው ስደት ሳሉ ከአዲስ አበባ መርዶ መጣ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የተማሩትን የኢትዮጵያ ልጆች ለይተው ሲገድሉ በእንግሊዝ ሀገር የተማረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ አብሮ ተገደለ። ስለ ለቅሶና ስለ ተዝካር ያን ያህል የጻፉት አባት የልጃቸውን መቃብር አላዩም፤ ቀባሪም ለቀስተኛም በሌለበት ሀገር ሐዘኑን ተቀመጡ። ድግስ ልደግስ ቢሉም የሚጠራ ዘመድ አልነበረም። በእጃቸው የቀረው ሲመክሩበት የኖሩት ጸሎቱ ነበር።

ብዙም አልቆዩም። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ በ60 ዓመታቸው በፌርፊልድ አረፉና በዚያው በባዝ ተቀበሩ። ከነጻነት በኋላ አጽማቸው ከእንግሊዝ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።