አላን ቱሪንግና የእኛ ምርጫ

እኛ በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቂሊንጦ ግቢ የምንማር፣ የትምህርት ክፍል መምረጫ ጊዜ ሲደርስ እንቅልፍ እናጣለን፤ ሶፍትዌር ምሕንድስና ካልደረሰን ከኮምፒዩተር ጋር የተለያየን ይመስለናል። ለዚህ ጭንቀት የአላን ቱሪንግ ሕይወት ትምህርት ይሆነናል።

ቱሪንግ በ1912 እ.ኤ.አ. ለንደን ተወለደ። በመጀመሪያ የመረጠው ትሪኒቲ ኮሌጅ የነፃ ትምህርት ዕድል ስላልሰጠው፣ በ1931 እዚያው ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ገብቶ ሒሳብ ተማረ። የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ያን ጊዜ በዓለም አልነበረም።

በ1936 አንድ የሒሳብ አባባል መረጋገጥ መቻል አለመቻሉን ሁልጊዜ የሚለይ ዘዴ እንደሌለ ሲያስረዳ፣ ትእዛዝ እያነበበ የሚያሰላ መኪና በሐሳቡ ቀረጸ፤ ይኸውም ለኮምፒዩተር ሳይንስ መሠረት ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኖችን የምስጢር ጽሑፍ ከፈቱት አንዱ ነበረ። በ1954 በ41 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ምርጫችን ቢሳካ ደግ ነው፤ ባይሳካም የሒሳብ ደብተራችንን አንጣል።