ቀልድ የማያልቅባቸው አለቃ ገብረ ሐና

ውድ የመጽሔታችን አንባቢዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? እናንተ ያልኩት ብዙ ስለሆናችሁ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳታስቡብኝ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል። ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት የአለቃ ገብረ ሐናን ታሪክ ነው።

አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ፎገራ ውስጥ ነው። አለቃ የሚለው የቤተ ክርስቲያን ማዕረግ ነው እንጂ ስማቸው አይደለም። የአፄ ቴዎድሮስን ዘመን (1847 - 1860 ዓ.ም.) አይተዋል፤ የአፄ ዮሐንስንና የአፄ ምኒልክንም አይተዋል። የተማሩ ሊቅ ነበሩ፤ ጎንደር በአታ ማርያም ያስተምሩ ነበር። ሰው ግን ትምህርታቸውን ትቶ ቀልዳቸውን ነው የያዘው። እኔም ከአያቴ የሰማሁት መጀመሪያ ቀልዱን ነው።

አንድ ቀን አለቃ መንገድ ላይ አህያ የሚነዳ ገበሬ አገኙ አሉ። ዝቅ ብለው እጅ ነሱና እንዴት እንዳደረ ጠየቁት። ግን አንተ ብለው በነጠላ አልጠየቁትም፤ እናንተ ብለው በብዙ ቁጥር ነው። ሰውየው እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ መንገዱን ቀጠለ። ራቅ ካለ በኋላ ነው ነገሩ የገባው። ዞር ብሎ ቢያይ ከአህያው በቀር ማንም አብሮት የለም! ሁለተኛ ከአህያ ጋር አለቃ ፊት አልታይም ብሎ አህያውን ሸጠው የሚሉም አሉ። የአማርኛ መምህራችን ነጠላና ብዙ ቁጥር ሲያስተምሩን ይቺን ቢነግሩን ኖሮ ማን ይረሳው ነበር?

እውነቱን ለመናገር ይቺን ቀልድ ስሰማ እየሳቅሁም ቢሆን የማደላው ለገበሬው ነው። እኔም በገበያ ቀን አህያ እነዳለኋ! የኛ አህያ በርበሬ ተጭኖበት ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ ሲያስነጥስ ነው የሚሄደው፤ እኔም አብሬው ሳስነጥስ። አለቃ ሁለታችንን ቢያዩን ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። ግን እኔ ብሆን አህያዬን አልሸጥም።

ከሁሉም የምወደው የአተሯን ነው። አለቃ የቀረበላቸው ወጥ ውሃ ብቻ ሆነ፤ አንዲት አተር መሀል ላይ ተንሳፋለች። አለቃ ዝም ብለው ተነሱና ልብሳቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ምን ሆኑ ተብለው ሲጠየቁ ዋኝተው አተሯን ሊያወጧት እንደሆነ ተናገሩ ይባላል።

ቀልዷ የተነገረችው ለማስነከስ ነው። እኛ ቤት ግን ሌላ ሥራ አላት። ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲጎድል የኛም ቤት ወጥ ይቀጥናል። አባቴ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጣል፤ ማንም አያወራም። ያኔ አያቴ ገበታው ላይ ጎንበስ ብላ ወጡን ታየውና የመቀነቷን ጫፍ መፍታት ትጀምራለች። አንድ ቃል አትናገርም። እኛም ወዲያው ይገባናል። ከሁላችን ቀድማ የምትስቀው ደግሞ ወጡን የሠራችው እናቴ ናት። አባቴም ወደ ገበታው ዞር ይላል። ወጡ ያው ቀጭን ነው፤ ግን ይበላል።

እርግጥ በአለቃ ስም የሚወራው ሁሉ የሳቸው ላይሆን ይችላል። ሰው የጣመውን ቀልድ ሁሉ ለሳቸው ይሰጣል። ምላሳቸው ስለታም ስለነበር ትልልቅ ሰዎችንም አይምሩም ነበር ይባላል።

አብዛኞቻችን የማናውቀው ግን ሌላ ሥራ አላቸው። በበዓል ቀን ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በከበሮ ሲያሸበሽቡ አይታችሁ የለ? የተክሌ የሚባለውን አቋቋም የጀመሩት አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። የጣና ማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲል፣ ዳር ያለው ደንገልም አብሮ ሲወዛወዝ አይተው ነው ይባላል። ማዕበሉንና ደንገሉን እኮ ሁሉም ሰው ያየዋል! አህያና አተር አይተው የማያልፉት ዓይኖች እሱንም አላለፉትም።

መጀመሪያ ላይ የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን አቋቋም አልተቀበሉትም። አለቃ አልተጣሉም፤ ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ ደግሞ ደብረ ታቦር ላይ ለሌሎች አስተማረ፤ ከዚያ ብዙ አገር ደረሰ። ስሙም በአባትየው ሳይሆን በልጁ ተጠርቶ ቀረ።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል